ጥግ ላይ ያለው ስም

ጥቅምት 8

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣ ለእታለሜ፤

ሰላምታዬ በአውቶቡስ እየመጣልሽ ነው፤ እኔ ቦታ ስላልደረሰኝ ቀርቻለሁ። ወገብሽ እንዴት ነው? የሆስፒታሉ አንሶላ ማጠቢያ እንፋሎት የሚያቀላው ዓይንሽስ? እጅሽስ? በየተራ የጠየቅኩት አንዱም እንዳይቀየመኝ ነው። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ብቻ አይደለሁም፤ ትንሽ ዝቅ ብለሽ ታነቢዋለሽ።

ሾፌሩን «ያቺን ሁለት መስመር ወረቀት ማን ጻፈለት?» ብለሽ እንደጠየቅሽው ነገረኝ። ማን ይጽፍልኛል? እኔ ነኝ! በገዛ እጄ፣ በዚህች ቀለም በማይለቃት እጄ! ከእንግዲህ ጎረቤቴ አይጽፍልኝም። እሱ ለካ እኔ «ደህና ነኝ በላት» ስለው «ከተለየሽኝ ወዲህ እንባዬ ደርቆ አያውቅም» እያለ ሲጽፍልሽ ኖሯል። አንቺም በመልስሽ «ምነው እንዲህ ታለቅሳለህ?» ስትዪኝ ግራ ይገባኝ ነበር። ያለቀሰው እሱ ነው። እኔ አንድ ቀንም አላለቀስኩም።

ስምንት ወር ሙሉ ከሥራ ስወጣ የማታ ትምህርት ስሄድ ነበር። ያልነገርኩሽ፣ አንድም ፊደል ሳልይዝ ብቀር ትስቂብኛለሽ ብዬ ነው። አሁን ሳቂ ከቻልሽ። አሥራ ስድስት ሆነን ነው የምንማረው፤ ጥበቃው አለ፣ አትክልት ሻጯ አለች፣ ግንበኞች አሉ፣ እኔ አለሁ። መምህርታችን ጡረታ ወጥተዋል፤ ድምፃቸው ግን ገና ሥራ ላይ ነው። በንባብ ከክፍሉ አራተኛ ነኝ። ሦስቱ የሚበልጡኝ መነጽር ስላላቸው ነው። በእጅ ጽሑፍ ግን የሚደርስብኝ የለም። መምህርታችን ደብተሬን ከፍ አድርገው ለክፍሉ እያሳዩ «ይሄ ሰው ከመማሩ በፊት ነው የተማረው» አሉ።

እውነታቸውን ነው። አሥር ዓመት ሙሉ የሱቅ ታፔላ ስጽፍ ኖሬ አንዱንም አንብቤ አላውቅም። ደንበኛው በወረቀት ያመጣውን እንደ ሥዕል ነበር ላሜራው ላይ የምገለብጠው፤ ይሄ ወንበር የሚመስለው፣ ይሄ እጁን ወገቡ ላይ የያዘው፣ ይሄ ቆቡ የተንጋደደበት እያልኩ። ባለፈው እሑድ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ዞርኩና የራሴን ታፔላዎች አነበብኩ። ፋርማሲው እውነትም ፋርማሲ ነው! የጸጉር አስተካካዩ ረጅም ጽሑፍ ምርቃት ይመስለኝ ነበር፤ «የሚያለቅስ ሕፃን አናስተናግድም» ነው የሚለው። መንገድ ላይ ቆሞ ብቻውን የሚስቅ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? ያን ቀን እኔ ነበርኩ።

ሌላም ያነበብኩት አለ። እሱን ግን ዛሬ አልጽፈውም። ለእሱ የሚሆኑትን ቃላት መምህርታችን ገና አላስተማሩንም፤ የሚያስተምሩንም አይመስለኝም።

ወንድምሽ፣
ራሱ ጽፎ ራሱ ያሸገው


ጥቅምት 23

ለጉረኛው ወንድሜ፤

ከራስ ጸጉርህ እስከ እግር ጥፍርህ እንደምን ሰነበትክ? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ።

ደብዳቤህን መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ሦስቴ አነበብኩት፤ አንዴ ለራሴ፣ ሁለቴ ለሥራ ጓደኞቼ። ሁለተኛውን እነሱ ናቸው የለመኑኝ። «ይሄ ወንድምሽ ሚስት አለው?» ያለችም አለች፤ «ጉራው ነው ሚስቱ» አልኳት። ማልቀሴን ግን አልጽፍልህም፤ እሱን ጎረቤትህ ይጻፈው።

ይኸውልህ፣ ስለ ፊደሉ ሁሉንም ዘርዝረህ ዋናውን ነገር ቋጥረህ ያዝከው። እኔ አንተን አዝዬ ያሳደግኩ ሰው ነኝ፤ ስታኮርፍ ድምፅህን መስማት አያስፈልገኝም። ሥዕሎቹ ላይ ያነበብከው ነገር ካለ፣ እባክህ፣ ምንም ከማድረግህ በፊት ጻፍልኝ። እጅህን ሰብስብ። ምላስህንም። አሥር ዓመት የሠራህበት ቤት ነው፤ ከዚያ በፊት ጀርባህ ምን ይሸከም እንደነበር አትርሳ።

ታላቅህ


ኅዳር 4

ይድረስ ለእታለሜ፤

እንደምን ከረምሽ? ባዘዝሽኝ መሠረት እጄን ሰብስቤያለሁ፤ አንዱን ብቻ ለመጻፊያ አስቀርቻለሁ። ጀርባዬንም አልረሳሁም። የሲሚንቶ ከረጢት የተሸከመ ጀርባ ራሱ አያስረሳም።

እሺ፣ ልንገርሽ። ወርክሾፑ ውስጥ ታፔላ ከመጻፍ ሌላ ሥዕል እንደምሠራ ታውቂያለሽ። ማንም አላስተማረኝም፤ ይህን መቶ ጊዜ ነግሬሻለሁ፣ መቶ አንደኛው ይኸውና። የተበላሸ ታፔላ ገልብጬ፣ ጣሳ ሥር በተረፈ ቀለም ነው የጀመርኩት። ፊት መሥራት የተማርኩት ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ የቀን መቁጠሪያ ነው። እዚያ ላይ ሁሉም ሰው ፈገግ ብሎ ስለነበር፣ መጀመሪያ የሠራኋቸው ጫኝና አውራጆች በሙሉ ከረጢት ተሸክመው ይስቃሉ። ሰው ተሸክሞ እንደማይስቅ ከኔ በላይ ማን ያውቃል? ያን ጊዜ ነው የቀን መቁጠሪያውን ትቼ ሰው ማየት የጀመርኩት። መንገድ ዳር እቆማለሁ፤ ሰው ሲያነሳ ትከሻው የት እንደሚሄድ፣ ሲያወርድ አፉ እንዴት እንደሚከፈት አያለሁ። ጥላን ያስተማረኝ የወርክሾፑ አንድ አምፖል ነው። ሁለት ቢሆኑ ኖሮ እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር።

ባለ ወርክሾፑ፣ ያ ቀለም መሃል ከረባት አስሮ ስለሚውል ጋሽ ከረባት የምንለው፣ የመጀመሪያ ሥዕሌን ያየ ቀን «ጥሩ ነው፤ ግን አላለቀም» አለኝ። ብጫቂ ወረቀት ላይ የሆነ ነገር ጻፈና «ይሄን ቀኝ ጥግ ላይ አድርግበት። ማሳረጊያ ይባላል። ሥዕል ያለሱ አያልቅም» አለኝ። አመንኩት። ለምን አላምነውም? ታፔላም ያለ ጠርዝ መስመር አያልቅም። እንዴት ብዬ ልንገርሽ እታለሜ፣ ያቺን ማሳረጊያ እንዴት እንደወደድኳት! በቀጭኗ ብሩሽ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ ምላሴን አውጥቼ። ወረቀቷን ሳላይ በቃሌ ነበር የምሠራት። ከሥዕሉ ይልቅ በሷ የኮራሁበት ቀን አለ።

ያን እሑድ፣ ሆቴሉ መግቢያ ላይ የተሰቀለውን የጫኝና አውራጆች ሥዕሌን ላየው ገባሁ። ማሳረጊያዋን አየኋት፤ ዓይኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሲያነብ ስለዋለ ማንበቡን ቀጠለ። አንደኛው ፊደል። ሁለተኛው። ሦስተኛው። ስም ነው። የሱ ስም። በገዛ እጄ፣ አሥር ዓመት!

ስለሱ ስጽፍ «እሳቸው» እንዳላልኩ አስተውለሻል? አንቱታውን ወስጄበታለሁ። ፊት ለፊት ግን አፌ ለምዶበት «አንቱ» ይላል፤ አፌን ገና አላስተማርኩትም።

ይባስ ብሎ በጥር ወር የከተማው አዳራሽ አሥራ ሁለት ሥዕሎች ሊያሳይለት ነው። ሥዕሎቹ የኔ፣ ስሙ የሱ። በር ላይ የሚሰቀለውን «የአንድ ሠዓሊ የሕይወት ሥራ» የሚል ታፔላ ማን የጻፈ ይመስልሻል? እኔ! አሳምሬ ነው የጻፍኩት ደግሞ።

እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ በሥዕሎቼ ላይ ስሜን። ያን ሳላገኝ አርፌ አልቀመጥም።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። ሥዕል መሆኑን በምን አወቅሽ? የደብዳቤዬ ረቂቅ ደብተሬ ላይ አለ፤ ብፈልግ ብፈልግ ስለ ሥዕል አንዲት ቃል አጣሁበት።

ወንድምሽ


ኅዳር 26

እታለሜ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን፤

አልመታሁትም። ወረቀትሽን የሞላሽው በዚህ ጥያቄ ስለሆነ መልሱን አስቀደምኩልሽ። አልመታሁትም፣ አልሰደብኩትም፣ ቀለምም አልደፋሁበትም። ቀለሙ ጥሩ ቀለም ነው።

የሆነው ይህ ነው። ሥዕሎቹን ለአዳራሹ እያዘጋጀ ሳለ ገባሁና «ጋሼ፣ ይቺ ጥግ ላይ ያለችው ምንድን ናት?» አልኩት።

«ማሳረጊያ ናታ።»

«ማሳረጊያ አባት አላት እንዴ? የአባትዎ ስም አብሮ አለ።»

ከረባቱን አጠበቀ። ከዚያ «ይሄ ሁሉ ያ የማታ ትምህርት ነው» አለ፤ ጉንፋን ይዞኝ የመጣሁ ይመስል።

«ስማ» አለኝ፣ «አንተን ማን ያውቅሃል? ሥዕልህን ግድግዳ ላይ ያወጣው የኔ ስም ነው። ያለኔ ስም የተቀባ ቆርቆሮ ነው።»

«እንግዲያው ስምዎን ይውሰዱና ቆርቆሮውን ይተዉልኝ።»

«ልጅ አትሁን። የሠራተኞቹ አለቃ አደርግሃለሁ። ኤግዚቢሽኑ ይለፍ፤ ከዚያ ወዲህ በምትሠራው ላይ ሁለታችንም እንፈርማለን።»

«ኤግዚቢሽኑ እስኪያልፍ ፊደል የምረሳ መስሎዎት ነው?»

ቱታዬን አውልቄ ሚስማሩ ላይ ሰቀልኩት። ከሥር የለበስኩት ሱሪ ጉልበቱ ላይ ቀዳዳ ነበረው፤ እንደዚያው ቀና ብዬ ወጣሁ። አሁን የሰው ቤት ግድግዳ እየቀባሁ ነው። ነጭ ብቻ። ነጭ ቀለም እንዴት እንደሚሰለች አልነግርሽም፤ አንቺ አንሶላ ታውቂያለሽ።

በሩን ሳልፍ ከኋላዬ ጮኾ «እህትህን ጠይቃት! እሷ ከድሮ ታውቃለች!» አለ።

ለጥያቄዬ ምንም አልመለስሽም። ስለ አየሩ ጽፈሽልኛል። አየሩን እኔም በመስኮት አየዋለሁ። ምንድን ነው የምታውቂው?

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 9

ወንድሜ፤

ሰላምታ ለማስቀደም ፊት የለኝም።

እውነታቸውን ነው። አውቅ ነበር። ከስድስት ዓመት በፊት ልጠይቅህ የመጣሁ ጊዜ እጄን ይዘህ ወርክሾፑ ውስጥ አስገባኸኝና «ነይ፣ ራስሽን እዪ» አልከኝ። አንሶላ የምትተኩስ ሴት ነበረች። እኔ ነበርኩ፤ ክርኔ ላይ ያለው የካውያ ጠባሳ እንኳ አልቀረም። ዓይኔ ከፊቴ ወርዶ ጥጉ ላይ አረፈ። አነበብኩት። ፊቱ የኔ፣ እጁ ያንተ፣ ስሙ የሳቸው። አንተ ደግሞ ጣትህን እዚያው ላይ አድርገህ «ማሳረጊያዋን አየሻት? እንዲህ አሳምሮ የሚሠራት የለም» አልከኝ።

ምን ልበል? ሲሚንቶ የምትሸከም ጊዜ ሳልህ ከሩቅ ይሰማ ነበር። ያን ቀን ግን ትስቅ ነበር። ይሄን ሳቅ የምነጥቀው እኔ ነኝ ወይ ብዬ ዋጥኩት። አንተ ውሃ ልታመጣልኝ ስትወጣ እሳቸውን ጠየቅኳቸው። «ያልታወቀ ሰው ስም ያለበትን ማንም አይሰቅልም። ማንበብ የተማረ ዕለት እኔው ራሴ እነግረዋለሁ» አሉኝ። ይህችን ቃል ይዤ፣ መንገዱን ሙሉ ራሴን እያታለልኩ ተመለስኩ።

ከዚያ ወዲህ ተማር ብዬ ልገፋፋህ እችል ነበር። አልገፋፋሁህም። ጎረቤትህ ደብዳቤ ሲጽፍልህ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ እፎይ እል ነበር። ይቅር የምትለኝ ይሄን ነው፤ ካልክ።

አሁንም ግን ታላቅህ ነኝና ልናገር። አለቃነቱን ተቀበል። ሰውየው ስም አላቸው፤ አንተ ያለህ እጅ ብቻ ነው። ጀርባህም እንደገና ከረጢት አይችልም።

እህትህ


ታኅሣሥ 28

ለእህቴ፤

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ብቻዬን አነበብኩት። ድሮ ቢሆን ጎረቤቴ አንብቦልኝ፣ አልቅሶልኝ ይገላግለኝ ነበር።

«ያለህ እጅ ብቻ ነው» ብለሻል። ደግ። እንግዲያው እጄን ይዩታ።

ከአዳራሹ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ ጋራዥ አለ። ረጅም የላሜራ አጥር አለው፤ ዝገት በልቶታል። ባለ ጋራዡን «አጥርህን በነጻ እቀባልሃለሁ፤ የምቀባው ግን እንደ ልቤ ነው» አልኩት። «ዝገቱን ይሸፍንልኝ እንጂ ሰይጣንንም ብትሥልበት ግድ የለኝም» አለ። ኤግዚቢሽኑ አሥር ቀን ይቆያል። አሥሩንም ቀን በጠራራ ፀሐይ መሰላሌን ተክዬ እዚያ እሠራለሁ። ከአዳራሹ የሚወጣ ሰው ሁሉ ፊቱን ቀና ሲያደርግ የሚያየው እኔን ነው። ለማንም ምንም አልናገርም። ለኔ ምንም አለመናገር ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ።

እሱ ከውስጥ ከስሙ ጋር ይቁም። እኔ ከውጭ ከእጄ ጋር እቆማለሁ። ዓይን ያለው ሰው ያመሳክር።

አለቃነቱን አልቀበልም። ዝም ብዬ መኖርንም አልቀበልም። እስካሁን ዝም ያልኩት ባለማወቅ ነው፤ አሁን ዝም ብል ግን አብሬው እንደሰረቅኩ ነው የሚቆጠረው።

ለጊዜው አትጻፊልኝ። ስድስት ዓመት የቻልሽ ስድስት ሳምንት አያቅትሽም።

ወንድምሽ


ጥር 29

ይድረስ ለእታለሜ፣ ለወገብሽ፣ ለዓይንሽ፣ ለእጅሽም፤ በተለይ ለእጅሽ፤

አትጻፊልኝ ስልሽ ለኔ አልጻፍሽም። ለአዳራሹ ግን ጻፍሽ!

ሾፌሩ «ጥበቃዎች በክንዱ ይዘው አስገቡት» ብሎ አስደንግጦሻል አሉ። እውነት ነው፤ በክንዴ ይዘውኛል። ከመሰላሉ አልወርድም ስላልኩ ነው። አንዷን ትከሻ ሳልጨርስ መውረድ አልፈለግኩም።

መጀመሪያዎቹን ቀናት ዞር ብሎ ያየኝ አልነበረም። በሁለተኛው ቀን ጋሽ ከረባት ራሱ መንገዱን ተሻግሮ መጣና ከሥሬ ቆሞ «ውረድ አንተ! ሰው እየሳቀብህ ነው» አለኝ። «ይሳቅ፤ ቀለም ይንጠባጠባል፣ ከረባትዎን ፈቀቅ ያድርጉ» አልኩት። ፈቀቅ አለ። ከዚያ በኋላ መስኮት ላይ ነበር የማየው።

በሰባተኛው ቀን መምህርታችን ክፍሉን በሙሉ ይዘው መጡ። «የንባብ ልምምድ ነው» ብለው አዳራሹ አስገቧቸው። በየሥዕሉ ፊት ያቆሙና «ጥግ ላይ ያለውን፣ ጮክ ብላችሁ፣ አንድ ላይ!» ይሏቸዋል። አሥራ አምስት ሰው የጋሽ ከረባትን ስም ከነአባቱ አሥራ ሁለት ጊዜ አነበበው፤ እኔ መሰላል ላይ ድረስ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ መንገዱን አሻግረው አጥሬ ፊት ደረደሯቸው። አጥሩ ላይ አንሶላ የሚጨምቁ ሴቶች ሠርቻለሁ፣ ከነእንፋሎታቸው፣ ከነተጠቀለለ እጅጌያቸው። ጥግ ላይ ምንም የለም። «ይሄንስ ማን ሠራው?» አሉ መምህርታችን። አትክልት ሻጯ፣ ክፍል ውስጥም ሁልጊዜ የምትቀድመን፣ «ያንን የሠራው ሰው ነዋ!» ብላ በጣቷ ወደ አዳራሹ አሳየች። ጎብኚዎቹ ወዲህና ወዲያ ማየት ጀመሩ። አንዱ ሰውዬ ተመልሶ ገባ፣ ወጣ፣ እንደገና ገባ። እንዲህ ዓይነት ሰው ነው የምወደው።

ይኼኔ ነው በክንዴ የተያዝኩት። የአዳራሹ ኃላፊ ሴት ናቸው፤ ቢሯቸው አስገቡኝ። ጋሽ ከረባት ቀድሞኝ ተቀምጧል። ኃላፊዋ ከመሳቢያ ፖስታ አወጡና «ይሄ ከሦስት ቀን በፊት ደረሰን። አላመንነውም ነበር። አንብበው» አሉኝ። ገና ሳየው አወቅኩት፤ በዓለም ላይ እንዲህ የተንሻፈፈ ጽሕፈት ያለው አንድ ሰው ነው።

ጋሽ ከረባት እጁን ዘረጋ። «ጊዜ እናባክናለን፤ እሱ ገና ጀማሪ ነው። እኔ ላንብበው።»

«እስከ ዛሬ ያነበቡልኝ ይበቃል» አልኩት።

ቀስ ብዬ አነበብኩት። ያንቀራፈፈኝ ጽሕፈትሽ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። «ሲሠራ አይቻለሁ። አንሶላ የምትተኩሰዋ ሴት እኔ ነኝ፤ ጠራጣሪ ካለ ክርኔን መጥቶ ይይ። ስሙ የሌላ ሰው መሆኑን ያኔውኑ አንብቤ ወንድሜን ዝም አልኩት።» እዚህ ስደርስ ቆምኩ።

«ቃሉ ከበደህ?» አሉ ኃላፊዋ።

«አዎ» አልኳቸው። ቃሉስ ቀላል ነበር።

እታለሜ፣ ተቀይሜሽ ነበር። ገናም ትንሽ ተቀይሜሻለሁ፤ ጨርሶ አለቀ ብልሽ ጎረቤቴ የጻፈልኝ ይመስልሻል። ግን ጻፊልኝ። ስለ አየሩም ቢሆን።

ከዚያማ ጋሽ ከረባት «እሺ፣ ሁለታችንም እንፈርምበት» አለ። «አይሆንም» አልኩ። ኃላፊዋ ወደሱ ዞረው «ከነዚህ ውስጥ በእጅዎ የሠሩት አለ?» ብለው ጠየቁት። ከረባቱን ነካካ። ምላጭና ቀጭን ብሩሽ አስመጡልኝ፤ ወደ ሥዕሎቹ ሄድን። ስሙን በምላጭ እየፋቅኩ በቦታው የራሴን ጻፍኩ። መጀመሪያ የፈረምኩት አንቺ ላይ ነው። አሥር ዓመት የሰው ስም ስትጽፍ ዝንፍ ያላለች እጄ የራሴን ስትጽፍ ጀማሪ ሆነች። ስለዚህ አንቺ ላይ ያለው ትንሽ ጠማማ ነው። ሁለተኛው ላይ ተስተካከለ። አምስተኛው ላይ ስደርስ ልቤም ብሩሼም ሞቀና ኃላፊዋ «ወንዙን ሸፈንከው እኮ፣ ትንሽ አሳንሰው» እስኪሉኝ ድረስ ጻፍኩት። አላሳነስኩትም።

አሥራ አንዱ ላይ ፈረምኩ። አሥራ ሁለተኛው ፈረስ ነው። ድሮ፣ ፈረስ ቀርቤ ሳላይ የሠራሁት፤ የኋላ እግሮቹ እንደ ሰው ጉልበት ወደ ፊት ይታጠፋሉ፣ ጆሮው የበግ ነው። ምላጩን አጥፌ ለኃላፊዋ መለስኩላቸው።

«ይሄኛውስ?» አሉኝ።

«ይሄንን የሠሩት እሳቸው ናቸው።»

ጎብኚው፣ ክፍሉ፣ ባለ ጋራዡ ሳይቀር ተሰብስቦ ነበር። ጋሽ ከረባት ቀረብ አለ። እግሮቹን አየ። ጆሮውን አየ። ጥግ ላይ ያለውን ስሙን አየ።

«እኔ ፈረስ እንዲህ አልሠራም!» አለ።

«እኔም» አልኩት።

ወንድምሽ